ምዕራፍ ስድስት፦ ብሎን ፍለጋ በሰማይ

የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ማክሰኞ ዕለት፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ሲል፣ ከሰሜን ሳይቤሪያ በላይ 790 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ሳተላይቶች ተላተሙ። አንደኛው የአሜሪካው ኢሪዲየም 33 ነው፤ የስልክ ጥሪ የሚያስተላልፍ፣ 560 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በሥራ ላይ ያለ ሳተላይት ነበር። ሁለተኛው የሩሲያው ኮስሞስ 2251 ሥራ ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚያዘው ሰው አልነበረውም፤ ቢያዝም አይሰማም። ስበት ባስያዘው መንገድ ዝም ብሎ ይዞር ነበር። መስቀለኛ ላይ የተገናኙት በሰከንድ 11.7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የዚህ ግጭት ፍጥነት የዚያን 16 እጥፍ ይሆናል። ሁለቱም ብትንትናቸው ወጣ። በኋላ ሲቆጠር፣ በራዳር ሊታዩ የሚችሉት ስብርባሪዎች ብቻ ከ2,000 በልጠው ተገኙ።

ከግጭቱ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ሳተላይቶች የታወቁ ነበሩ። ሁለቱም ቁጥር ተሰጥቷቸው መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ መንገዳቸውም በየጊዜው ይሰላ ነበር። እንዲያውም ለሕዝብ ክፍት የሆነ አንድ ስሌት ሁለቱ 584 ሜትር ተራርቀው እንደሚተላለፉ ተንብዮ ነበር። በዚያ ሰሞን ከዚህ የባሰ የሚያሰጉ መቀራረቦች ስለነበሩ ይህኛው ከቁም ነገር አልተቆጠረም። በሰከንድ 11.7 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ነገር 584 ሜትር ማለት የሰከንድ አንድ ሃያኛ ነው። ስሌቱ የሳተው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው።

የጠፈር ፍርስራሽን መከታተል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን፣ በትልቅ ስክሪን ፊት ተቀምጦ የእያንዳንዱን ቁራጭ ጉዞ በዓይኑ የሚከተል ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የለም። አሁን ይህን መስመር በምታነቡበት ቅጽበት ከላያችን የሚዞረውን አብዛኛውን ፍርስራሽ ማንም እያየው አይደለም። በእጃችን ያለው የትናንት ጨረፍታና ከዚያ ተነሥቶ የተሠራ የዛሬ ስሌት ነው። ይህ ምዕራፍ ጨረፍታው እንዴት እንደሚገኝ፣ ስሌቱም የት ላይ እንደሚከዳ ያሳያል። ከዚህ በኋላ ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከስፑትኒክ ሮኬት እስከ ቀለም ቅርፊት

ጥቅምት 1957 ስፑትኒክ ሲመጥቅ በዓለም ዙሪያ ሰዎች አንጋጠው ያዩት ብርሃን በአብዛኛው ሳተላይቱ አልነበረም። ስፑትኒክ ራሱ ትንሽ ኳስ ነው፤ በዓይን የሚታየው ተሸክሞት ወጥቶ ከኋላው የቀረው ትልቅ ሮኬት ነበር። የአሜሪካ የክትትል መዝገብም ቁጥር 1 ብሎ የጻፈው ሮኬቱን ነው፤ ስፑትኒክ ቁጥር 2 ሆነ። መዝገቡ ገና ከመጀመሪያው መስመሩ የጀመረው በትርፍራፊ ነው ማለት ይቻላል። ቁጥር 5 ላይ የሰፈረው ቫንጋርድ 1 በ1958 መጥቆ ዛሬም ይዞራል።

ዛሬ መዝገቡ ከ30,000 በላይ ዕቃዎችን ይዟል። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ግምት ግን ከመዝገቡ በጣም ይሰፋል፦ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡት ከ50,000 በላይ፣ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያሉት ከ1 ሚሊዮን በላይ፣ ከዚያ የሚያንሱትና እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚወርዱት ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

የመካከለኞቹ ነገር ነው አሳሳቢው። እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያለውን ቁራጭ የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጋሻ ሊመክተው ይችላል። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነው በራዳር ስለሚታይ ይሸሹታል። በመካከል ያለው ለጋሻው ከብዶ ለመዝገቡ ያነሰ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላት የአሉሚኒየም ድብልብል 1.4 ግራም ብቻ ትመዝናለች። በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ስትመጣ ግን የምትይዘው ጉልበት 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እየተነዳች ከግድግዳ ጋር ስትላተም ካላት ጉልበት ጋር እኩል ነው። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ ነው።

የሰማይ ገደል ማሚቶ

ከገደል ፊት ለፊት ቆማችሁ ብትጣሩ ገደል ማሚቶ ይመልስላችኋል። ድምፃችሁ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ብትለኩ ገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ታውቃላችሁ። ራዳርም ሥራው ይኸው ነው፤ የሚጣራው ግን በድምፅ ሳይሆን በብርሃን ፍጥነት በሚጓዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። 800 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ፍርስራሽ ማሚቶው የሚመለሰው በሰከንድ አንድ ሺህኛ ቢሰፈር 5 ያህል ቆይቶ ነው። ጥሩምባውን እየነፋ የሚያልፍ መኪና ሲቀርብ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ሲርቅ እንደሚወፍር ሁሉ፣ የማሚቶው ሞገድም ዕቃው ሲቀርብ ይጠባል፣ ሲርቅ ይሰፋል። ከዚህ ፍጥነቱ ይገኛል።

ችግሩ የማሚቶው ድክመት ነው። ሞገዱ እየሄደ ሲሰራጭ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በ4 እጅ ይሳሳል፤ ከዕቃው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ደግሞ እንደገና በ4 እጅ ይሳሳል። ደርሶ መልሱ ሲባዛ 16 ይመጣል። ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር አድማጩ 16 እጅ የደከመ ማሚቶ ይደርሰዋል።

ሌላው እንቅፋት የሞገዱ ርዝመት ነው። የጣና ሞገድ ከአንዲት ቀጭን የደንገል ዘንግ ጋር ሲገናኝ እንዳልነበረች ያልፋታል፤ ከቋጥኝ ጋር ሲገናኝ ግን ተመትቶ ይመለሳል። ፍርስራሹም ከሞገዱ ርዝመት በጣም ሲያንስ ለራዳሩ እንደ ደንገሏ ዘንግ ይሆናል። በዚህ ልክ ላይ የቁራጩ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ማሚቶው 64 እጅ ይደክማል። ትንሽ ነገር ለማየት የፈለገ አጭር ሞገድ መላክ አለበት።

የሁለት አጥሮች ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ከ1961 እስከ 2013 በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የተዘረጋ የሬዲዮ አጥር ነበር። ዋናው ማሰራጫ በቴክሳስ ኪካፑ ሐይቅ አጠገብ ተተክሎ፣ ማራገቢያ የሚመስል ስስና ሰፊ ጨረር ወደ ላይ ይረጭ ነበር። ይህ አጥር ማንንም አያሳድድም፤ የሚሾልክበትን ይቆጥራል። ሞገዱ ግን 1.4 ሜትር ገደማ ርዝመት ስለነበረው ጥቃቅኑ ያመልጠው ነበር። በ2020 በማርሻል ደሴቶች ክዋጃሊን ላይ ሥራ የጀመረው አዲሱ አጥር 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሞገድ ይጠቀማል። የሚዞር ሳህን የለውም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ አንቴናዎች ጣሪያ ሥር ተደርድረው፣ ጨረሩን የሚያዞረው ኤሌክትሮኒክስ ነው።

ክዋጃሊን ለምን ተመረጠች? አንዱ ምክንያት ቦታዋ ነው። አንድ ሳተላይት ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ሲወጣና ሲወርድ ምድር ወገብን ማቋረጡ የግድ ነው። ለምድር ወገብ የቀረበ ጣቢያ ስለዚህ ብዙ ያያል። ክዋጃሊን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባም በዚሁ መስመር ላይ ናት።

ቀጥ ብሎ የቆመ ነጥብ

ከፍ ባለ ቁጥር ራዳር ይዳከማል። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች በሚዞሩበት በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ተራው የቴሌስኮፕ ነው። እዚያ ያለ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከቦታው የተነቃነቀ አይመስልም። የቴሌስኮፑ ሞተር ቆሞ ካሜራው ብርሃን ሲሰበስብ ከዋክብቱ እንደ ጭረት ይሰመራሉ፤ በጭረቶቹ መካከል ቀጥ ብላ የቆመች ነጥብ ካለች ግን እርሷ የሰው እጅ ሥራ ናት። የአሜሪካ አየር ኃይል በኒው ሜክሲኮ፣ በሃዋይና በዲየጎ ጋርሲያ ደሴት እንዲህ የሚያዩ ቴሌስኮፖች ተክሏል። የአውሮፓ ኤጀንሲም በቴነሪፍ ደሴት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ይሠራል።

ዝቅ ብለው ለሚዞሩት ቴሌስኮፕ የሚያገለግለው ለአጭር ጊዜ ነው። ፍርስራሽ የራሱ ብርሃን የለውም። መሬት ላይ ጨልሞ እላይ ያለው ዕቃ ገና ፀሐይ ሲመታው፣ ማለትም ከመሸ በኋላና ሊነጋ ሲል ባለው ሰዓት ብቻ ይታያል። በኦስትሪያ የግራትስ ከተማ ተመራማሪዎች ይህን ሰዓት ለማስፋት ፍርስራሽ ላይ የሌዘር ብርሃን እየላኩ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ጥቂት ብርሃን ይቆጥራሉ፤ በ2020 ይህንኑ በቀን ብርሃን ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ሌዘር ርቀትን ከራዳር በላቀ ጥራት ይለካል፤ ግን ዕቃው የት እንዳለ አስቀድሞ የሚነግረው ይፈልጋል።

በሁለት መስመር የተጻፈ ዕጣ

የአንድ ዕቃ መንገድ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው በሁለት መስመር ነው፤ እያንዳንዱ መስመር 69 ፊደልና አኃዝ ይይዛል። ምሕዋሩ ከምድር ወገብ አንጻር ምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ ክብ ነው ወይስ ሞላላ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ልኬቱ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተያዘ ሁሉ በዚያ ውስጥ አለ። ከእነዚህ አኃዞች መካከል አየር ዕቃውን ምን ያህል እንደሚጎትተው የሚናገር አንድ አለ። አስቸጋሪው እርሱ ነው።

ከመቶዎች ኪሎ ሜትሮች በላይም ስስ አየር አለ። ፀሐይ ስትቆጣ ይህ አየር ሞቆ ያብጣል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚዞረውን ሁሉ ይይዛል። በየካቲት 2022 የስፔስ ኤክስ ኩባንያ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶችን ባመጠቀ ማግስት መካከለኛ የሚባል የፀሐይ ማዕበል መጣ፤ ገና ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ከነበሩት 38ቱ በአየሩ ተጎትተው ወድቀው ተቃጠሉ። ጥቅል ሮኬት፣ ስስ ቆርቆሮና ክብ ብሎን ይህ አየር እኩል አይጎትታቸውም። ዕቃው እየተገላበጠ ከሆነ መጎተቱም ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። በዚህ የተነሣ ዛሬ የተለካ ቦታ ለነገ ሲሰላ በመቶዎች ሜትሮች፣ አንዳንዴም በኪሎ ሜትር ሊስት ይችላል።

ስለዚህ ባለሙያው ዕቃውን እንደ ነጥብ አያየውም። በዙሪያው የጥርጣሬ ደመና ይሥልለታል፤ ደመናው በጉዞው አቅጣጫ ረዘም ያለ ነው። የሁለት ዕቃዎች ደመና ሲነካካ የመጋጨት ዕድል ይሰላል። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጠባቂዎች በጣቢያው ዙሪያ 4 ኪሎ ሜትር ውፍረት፣ 50 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 50 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ምጣድ ላይ እንደተዘረጋ እንጀራ የተንጣለለ ክልል ያሰምራሉ። ወደዚያ ክልል የሚገባ ነገር ካለ ይመረመራል፤ የመጋጨት ዕድሉ ከ10,000 አንድ ሲደርስ ጣቢያው ሞተሩን አስነሥቶ ይሸሻል።

ስሌቱ ከሁሉ የሚከብደው ዕቃው ሊወድቅ ሲል ነው። ዝቅ ብሎ የሚዞር ነገር በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ የሚወድቅበት ሰዓት በ10 ደቂቃ ቢስት ቦታው በ4,500 ኪሎ ሜትር ይስታል። ይህ ከአዲስ አበባ እስከ ጆሃንስበርግ ካለው ርቀት ይበልጣል። ታኅሣሥ 30 ቀን 2024 ከቀትር በኋላ በጎረቤታችን ኬንያ፣ በማኩዌኒ አውራጃ ሙኩኩ በተባለች መንደር 2.5 ሜትር ስፋትና 500 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ከሰማይ ወደቀ። የመንደሩ ሰዎች አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። የአገሪቱ የጠፈር ኤጀንሲ ቀለበቱ ከሮኬት የወጣ እንደሚመስል አስታውቋል።

ያልታየውን መቁጠር

ከመዝገቡ ውጪ የቀሩት ሚሊዮኖች እንዴት ተቆጠሩ? እንደ ዝናብ ነው የተቆጠሩት። ዝናብ የሚለካ ሰው ጠብታዎቹን አይከተልም፤ ጣሳ አስቀምጦ የገባውን ይሰፍራል። በማሳቹሴትስ ያለው ሄይስታክ የተባለ ራዳር 36 ሜትር ስፋት ያለው ሳህን አለው። ባለሙያዎቹ ሳህኑን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ያቆሙትና በጠባቡ ጨረር ውስጥ የሚያልፈውን ለረጅም ሰዓታት ይመዘግባሉ። በዚህ መንገድ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚያህሉ ቁራጮች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። የእያንዳንዱ መንገድ አይታወቅም፤ የብዛታቸው ልክ ግን ይታወቃል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ጣሳ ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ገባ። ከ900 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቁጥራቸው ከግምት በላይ የሆነ ጥቃቅን ነገሮች ተገኙ። ስብርባሪ ቅርጹ የተዛባ ስለሆነ ሞገዱን አዛብቶ ይመልሳል፤ እነዚህ ግን የሚመልሱት ማሚቶ ድብልብል ከሆነ ነገር የሚመጣ ዓይነት ነበር። ምሕዋራቸውም በአብዛኛው 65 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። በዚህ ማዘንበልና ከፍታ ላይ ሶቪየት ኅብረት በራዳር መርከብ የሚሰልሉ፣ በኑክሌር ኃይል የሚሠሩ ሳተላይቶቿ ሥራ ሲጨርሱ የምታቆማቸው ነበር። በ1980ዎቹ የኃይል ማመንጫቸው እምብርት እንዲነጠል ሲደረግ ማቀዝቀዣው ወደ ውጭ ፈስሷል። ማቀዝቀዣው የሶዲየምና የፖታሲየም ቅይጥ ፈሳሽ ብረት ነው። ክብደት በሌለበት ጠፈር ፈሳሽ ሲፈስ ይድቦለቦላል። ምሥጢሩ የተፈታው እንዲህ ነው፦ ሄይስታክ ያየው የብረት ጠብታ ነበር።

ከዚያም ያነሱትን የሚናገረው የመቱት መንኮራኩር ገላ ነው። በ1983 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር ስትመለስ በአንዱ መስኮቷ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ተገኘ። በጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ቅሪት ሲመረመር ቲታኒየም ወጣ፤ ቲታኒየም ደግሞ በነጭ ቀለም ማቅለሚያ ውስጥ ይገኛል። መስኮቱን ያበላሸው የአሸዋ ቅንጣት የምታህል የቀለም ቅርፊት ሆና ተገኘች፤ መስኮቱም ተለወጠ። ኤልዴፍ የተባለው የአውቶቡስ ያህል የመሞከሪያ ዕቃ ከ1984 እስከ 1990 ጠፈር ቆይቶ ሲመለስ ከ20,000 በላይ የምት ምልክት ተቆጥሮበታል፤ ከፊሉ የተፈጥሮ አቧራ፣ ከፊሉ ደግሞ የሰው ትርፍራፊ ነው።

እንጦጦ ላይ

ይህ ጉዳይ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ መጠቀች፤ በዚያን ዕለት አገራችንም በመዝገቡ ውስጥ ቦታ ያዘች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች ሳተላይት የገባችበት ምሕዋር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የፍርስራሹ ብዛት ከፍ ወዳለበት ሰፈር የቀረበ ማለት ነው። እንጦጦ ላይ ደግሞ በ3,200 ሜትር ከፍታ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ቆመዋል። መጠናቸው የአውሮፓ ኤጀንሲ በቴነሪፍ ለፍርስራሽ ፍለጋ የሚጠቀምበት ያህል ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይቶቹ ቀበቶም ከእንጦጦ ሲታይ አናት አካባቢ ያልፋል። መስመሩ የክዋጃሊን መስመር ነው። የከተማው መብራት ያስቸግር ይሆናል እንጂ ቦታው የተመቸ ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ተመዝጋቢ ብቻ ሳይሆን መዝጋቢም ለመሆን ይበቃል።

ሆኖም መመዝገብ የት ድረስ እንደሚያድን ሳይረሳ ነው። ጥር 27 ቀን 2023 በ984 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አንድ አሮጌ የሶቪየት ሮኬትና ኮስሞስ 2361 የተባለ የሞተ የሩሲያ ሳተላይት ተላለፉ። ሊዮላብስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በራዳር ለክቶ ርቀታቸው 6 ሜትር ያህል እንደነበር ገለጸ፤ የስሌቱ ስህተት ራሱ ከዚያ ይበልጣል። በምዕራፉ መጀመሪያ ባየነው ግጭት ቢያንስ ኢሪዲየም 33 ሞተር ነበረው፤ ቢነገረው ይሸሽ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር። መዝገብ የሚያድነው ከሁለቱ አንዱ ሲያዝ የሚሰማ ከሆነ ብቻ ነው። ዶናልድ ኬስለርና ቡርተን ኩር-ፓሌ በ1978 ባወጡት ጥናት ያስጠነቀቁት ደግሞ እንዲህ ያለ ግጭት የሚያስከትለውን ነው፤ ግጭት ፍርስራሽ ይወልዳል፣ ፍርስራሹም ሌላ ግጭት። ስለዚህ ከሁሉ የሚረክሰው ክትትል ሥራውን የጨረሰን ዕቃ ሞተሩ ሳይሞት፣ ነዳጁ ሳያልቅ ወደ ከባቢ አየር አውርዶ ማቃጠል ነው።

ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከመብራት ራቅ ብላችሁ አንጋጡ። በከዋክብት መካከል ዝም ብላ የምትሄድ ነጭ ብርሃን ታያላችሁ፤ ሳተላይት ናት። ጥቂት ቆይታችሁ ደግሞ እየደመቀች እየደበዘዘች፣ ብልጭ ድርግም እያለች የምታልፍ ካያችሁ፣ ያቺ አብዛኛውን ጊዜ እየተገላበጠች የምትዞር ባዶ ሮኬት ናት። በመዝገቡ ውስጥ ቁጥር አላት፤ የሚያዛት ግን የለም።